ስለ አሮጌ ኑዛዜ

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ የምከራከረው ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው። አንደኛው የአያቱን ኑዛዜ «ያለ ዋጋ የቀረ ወረቀት» ብሎ የሚጥል ነው። ሁለተኛው ዘሩን ሲቈጥር ባላባትና ደጃዝማች ብቻ የሚያስታውስ ነው። የሁለተኛው በደል ይብሳል።

የፊተኛው ሰው ምክንያት አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ፣ ጋሻ መሬት የሚያወርስ ኑዛዜ በዳኛ ፊት የሚያቆመው እግር የለውም። በዚህ ምክንያት በሁሩሙ አንድ ጐረምሳ እንዲህ ያለውን ወረቀት እሳት ሊያያይዝበት ሲል ደርሼ ለምኜ ተቀበልሁት። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። ዳሩ ግን የሚስቲቱ ስም፣ ልጆቹ በየእናታቸው፣ የነፍስ አባቱ፣ ለተዝካር የተተወው በሬ፣ ብድር ያለበት ጐረቤት ሳይቀር ተጽፎበታል። የመሬቱ ውርስ ቢሻር የልጅነቱ ቃል አብሮ ይሻራልን? ዶናልድ ክራሚ የሚባል የታሪክ ሊቅ በጐንደር አድባራት የብራና መጻሕፍት ላይ የተጻፈውን የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ አንብቦ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቷል። የዚያ መሬት ጌቶች ካለፉ ስንት ዘመን ሆናቸው!

ማንበቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ይጠራል። በእኛ በኢሉባቦር ደግሞ አንዱ ሰው በአንዱ ወረቀት በኦሮምኛ ስሙ፣ በሌላው በክርስትና ስሙ ሊገኝ ይችላል። «በዘመነ ሉቃስ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ቢያጋጥም፣ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ የሚመለስ ስለ ሆነ ዓመቱን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። የምስክሮቹንም ስም አትለፉት፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮችን ይጠይቃል፤ ምስክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጐረቤት ወይም ዘመድ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሰው ልመለስ። ሽማግሌዎቻችን ያለ ወረቀት አባት በአባት ወደ ላይ ሲቈጥሩ ስሰማ እደነቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ነገር ግን አፍ ያፍራል። እናትን ይዘላል፤ ተገዝታ የመጣችውንማ ፈጽሞ አያነሣም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነውና፣ ነገሩ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

በአሜሪካ እንደ ቨርጂንያ ባሉ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ጌታው ሲናዘዝ ባሪያዎቹን ከአልጋውና ከላሞቹ ጋር በስማቸው እየቈጠረ ያወርስ ነበር። በ1850 እና በ1860 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ባሪያዎች በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም እንጂ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በስም አልተመዘገቡም። ስለዚህ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ቅድመ አያታቸውን የሚፈልጉት በዚያው በገዛቸው ሰው ኑዛዜ ውስጥ ነው። መራራ ነው፤ ቢሆንም ስሟ ያለው እዚያ ነው።

ከእሳት ያዳንሁትን ወረቀት ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ከመካከሉ አንዲትን ሴት አርነት አውጥቻለሁ፣ ልጇም ልጄ ነው የሚል ቃል ነበረበት። አንድ የቤቱ ታላቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ይችን መስመር ይለፏት» አሉኝ። አልለፍኋትም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኋት። በበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉና፣ «ስሟን እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ።