የክራይስትስ ሆስፒታል ልጆች

የአንድ ትምህርት ቤት ክብር የሚመዘነው ባፈራቸው ባለማዕረጎች ብዛት ነው የሚለውን አስተያየት ለመቀበል ኅሊናዬ እንቢ ይለኛል። የለንደን ድኾች ልጆች ይማሩበት ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1552 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የተመሠረተው፣ ተማሪዎቹንም እስከ ዛሬ ረዥም ሰማያዊ ካባና ቢጫ ካልሲ የሚያለብሰው ክራይስትስ ሆስፒታል፣ በ1782 ሁለት ብላቴኖች ተቀበለ፤ አንደኛው አባቱ የሞተበት የቄስ ልጅ፣ ኋላ ባለቅኔ የሆነው ኮልሪጅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአንድ ጠበቃ አገልጋይ ልጅ ቻርልስ ላምብ ነበረ።

እኔ አብልጬ የማከብረው ላምብን ነው። አንደበቱ ተብታባ በመሆኑ፣ ለክህነት ወደሚታጩት ሊቃውንት ማዕርግ ሳይደርስ ቀርቶ፣ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሒሳብ ክፍል 33 ዓመት በጸሐፊነት ሲያገለግል፣ አእምሮዋ ታውኮ እናታቸውን የገደለችውን እኅቱን ሜሪን፣ ሚስት ሳያገባ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ጠበቃት፤ የሼክስፒርን ተውኔቶች ለሕፃናት በተረት መልክ ያቀረበውን መጽሐፍም በ1807 አብረው አሳተሙ። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት የትኛው የሽልማት መዝገብ ይጽፈዋል?

ከዚያው ቤት የወጣው መሐንዲስ ባርንስ ዋሊስም፣ በ1943 የጀርመንን ግድቦች ለሰበረው ቦምብ መንግሥት በ1951 የሰጠውን 10,000 ፓውንድ ለግል ጥቅሙ ሳያውል፣ የሞቱና የቆሰሉ የአየር ኃይል አባላት ልጆች እንዲማሩበት ለዚያው ትምህርት ቤት አስረከበ። በግድቦቹ ዘመቻ 53 የአየር ኃይል አባላት ወድቀው ነበርና፣ ሐዘናቸው ከልቡ አልወጣም።