ከኮድ በፊት ልኬት፦ ባትሪ ከተቀየረ በኋላ የሚታዩ የኤሌክትሪክ ብልሽቶች

አዲስ ባትሪ በተገጠመ ማግስት የመኪናው ሞተሪኖ አልዞር ሲል ወይም የማስጠንቀቂያ መብራቶች ባንድነት ሲበሩ፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ በአዲሱ ባትሪ፣ ቀጥሎ በዲናሞው፣ በመጨረሻም በመኪናው ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። በየደረጃው ወጪው ይጨምራል፤ ዕውቀቱ ግን ባለበት ይቀራል። የዚህ ልማድ ስሕተት ከቴክኒክ ይልቅ የአመክንዮ ነው፦ ከቅያሪው በኋላ የታየ ችግር ሁሉ በቅያሪው የመጣ ተደርጎ ይወሰዳል።

በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው አሮጌው ባትሪ ለምን እንደሞተ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ በተጣበቀ ሪሌ በኩል 0.5 አምፔር የሚያፈስ መስመር፣ 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝን ባትሪ በ120 ሰዓት፣ ማለትም በ5 ቀን፣ ባዶ ያደርገዋል። አዲሱ ባትሪ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለጥቂት ቀናት ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ባለንብረቱ ተመልሶ ሲመጣም ባትሪው የማይረባ ነበር ይባላል፤ ሌላ ይገዛል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው የመሬት መስመሩ፣ በመካኒኮች አጠራር ማሳው፣ ነው። ባትሪው ሲቀየር በሚገባ ያልጠበቀ ወይም ዝገቱ ያልተጠረገ ማሰሪያ 0.01 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ቢጨምር፣ ተራ መልቲሜትር በኦም መለኪያው ይህን አይለይም፤ የሚልከው ከረንት እጅግ አነስተኛ ነውና መስመሩን ጤነኛ ይለዋል። ሞተሪኖው 200 አምፔር ሲስብ ግን በዚያችው ማሰሪያ ላይ 2 ቮልት ይጠፋል። ሙሉ ኃይል የያዘ ባትሪ ያለ ጭነት የሚያሳየው 12.6 ቮልት ስለዚህ ጉድለት ምንም አይመሰክርም። ምርመራው ቀላል ነው፦ የቮልት መለኪያው አንዱ ጫፍ በማሰሪያው ሳይሆን በራሱ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ አካል ላይ ተደርጎ ሞተሪኖው እየዞረ ይነበባል። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ብልሽቱ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል አለ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ዕቃ ከተቀየረ በኋላ እንኳ የማይታሰብበት ጊዜ መኖሩ ያስገርማል።

የኮድ ማንበቢያ መሣሪያው ይጣል ማለት አይደለም። ቮልቴጅ ሲወርድ የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸውና እያንዳንዱ የራሱን ስሞታ ይመዘግባል፤ ፒ0562 የተባለው ኮድ ቮልቴጁ ማነሱን ይናገራል፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ይባስ ብሎ በብዙ መኪኖች ባትሪው ሲነቀል የተመዘገበው ማስረጃ ይጠፋል። ሞተሩ በጊዜ ሂደት የተማረው የዝግታ ዙር ልክም አብሮ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ምንም ዕቃ ሳይበላሽ ለጥቂት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ኮድ የሚነበብበት ትክክለኛ ጊዜ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ነው። በባትሪው ራስ ላይ ሴንሰር የተገጠመላቸው አንዳንድ ዘመናዊ መኪኖች ደግሞ አዲሱ ባትሪ በመሣሪያ እንዲመዘገብላቸው ይፈልጋሉ፤ እዚህ ላይ የቮልት መለኪያ ብቻውን አይበቃም።

የሥልጠና ተቋማትና የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች በጭነት ላይ የሚደረግን ልኬት ከኮድ ንባብ አስቀድመው ሊያስተምሩ ይገባል። ጉዳዩ ከነዳጅ መኪና ጋር አብሮ የሚያልፍም አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገድ ላይ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በአብዛኛው 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ዋናውን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ የሚሠራው በእርሱ ኃይል ነው። ያ ትንሽ ባትሪ ሲዳከም፣ ዋናው ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይነሣም።