ለቤት የሚሆን የቴሌቪዥን መቅጃ አመራረጥ

ለቤት የሚሆን ዕቃ ሲገዛ አስተዋይ ባለቤት አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፥ ዕቃው ለምን ሥራ ይሆነኛል? የሚል ነው፤ ሁለተኛው፥ ከቤቴ ከገባ በኋላ ጌታው ማን ነው? የሚል ነው። ለድስትና ለምጣድ ሁለተኛው ጥያቄ አያስፈልግም፤ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣው ሰው ጌታው ነውና። ዛሬ የምንጽፍለት መኪና ግን ገንዘብ ተከፍሎበት፥ በሳሎን ተቀምጦ ሳለ፥ ጌታው ሌላ ሊሆን ይችላል። ይኸውም የቴሌቪዥንን ሥዕልና ድምፅ የሚቀዳው መቅጃ ነው።

በአሜሪካ አገር ቴሌቪዥን በብዙ ቤት የሚገባው ኬብል በሚባል ሽቦ ነው። ከልጆቻችንና ከዘመዶቻችን ብዙዎች፥ ይልቁንም በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢው፥ በዚያ አገር ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ስለዚህ የመቅጃውን አመራረጥ መጻፍ ለእነርሱም፥ ከዚህ ሆነው ለሚመክሯቸው ወላጆችም ይጠቅማል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1975 ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ ዴክ አወጣ፤ በ1976 ደግሞ ጄ ቪ ሲ የተባለው ኩባንያ ቪ ኤች ኤስ የተባለውን አወጣ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ የተባሉት የፊልም ኩባንያዎች ሥራችን ያለ ፈቃዳችን በየቤቱ ይገለበጣል በማለት ሶኒን ከሰሱ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲወጣ ቈይቶ፥ በጃንዋሪ 17 ቀን 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ዳኞች ድምፅ፥ 4ቱ ሲቃወሙ፥ ሰው በነጻ የተላለፈለትን ፕሮግራም በሌላ ሰዓት ለመመልከት በቤቱ ቢቀዳ ሕግ አላፈረሰም ሲል ፈረደ።

እዚህ ላይ ልብ ማድረግ የሚገባ ነገር አለ። ፍርዱ የቆመው ለሌላ ሰዓት በማቆየት ላይ ነው እንጂ፥ አከማችቶ በማኖር ላይ አይደለም። ማቆየትና ማኖር ሁለት ነገር ናቸው። ከሥራ አምሽቶ የሚገባ ሰው የማታውን ዜና ከእራት በኋላ ለማየት ቢፈልግ ይህ ማቆየት ነው፤ አይቶ ያጠፋዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ስትዘምር በአካባቢው ጣቢያ የታየችበትን ሩብ ሰዓት ለልጅ ልጅ ለማሳየት ቢፈልግ ግን ይህ ማኖር ነው። ለማቆየት የተሠራ መኪና ለማኖር አይበጅም። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ትዝታውን የሚያጣው ይህን ሳይለይ ስለሚገዛ ነው።

በቀድሞው ጊዜ ከግድግዳ የወጣውን ሽቦ በዴኩ ላይ መሰካት ብዙውን ጊዜ ይበቃ ነበር። ኬብሉ ዲጂታል ከሆነ ወዲህ ግን ሥዕሉ ወደ ቍጥር ተለውጦና በምስጢር ተቈልፎ ስለሚመጣ፥ ቍልፉን የሚፈታ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ሣጥኑንም የሚያከራየው ኩባንያው ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ የመገናኛ ሕግ፥ ሰው እንዲህ ያለውን ሣጥን ከገበያ ገዝቶ የራሱ ለማድረግ እንዲችል ደንብ ይውጣ ብሎ አዘዘ። ከዚህም ኬብል ካርድ የተባለው ተገኘ፤ ካርዱ ምስጢሩን ይፈታል፥ የቀረው መኪና የገዢው ይሆናል። ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮም ኩባንያዎቹ በሚያከራዩት አዲስ ሣጥን ውስጥ ምስጢር ፈቺው ከሣጥኑ የተለየ እንዲሆን ግዴታ ሆነባቸው። ነገር ግን ይህ ግዴታ በ2015 ቀረ፤ በ2020 ደግሞ የመገናኛ ኮሚሽኑ ኩባንያዎቹ ለባለ ካርድ ደንበኞች ስለሚሰጡት ድጋፍ ያወጣውን ደንብ አነሣ። በ1999 በሃርድ ዲስክ የሚቀዳ ሣጥን ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ቲቮም በ2025 ሣጥን መሸጡን አቆመ።

እንግዲህ ዛሬ በገዢው ፊት ያሉት መንገዶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ከኬብሉ ኩባንያ የሚከራዩት መቅጃ ነው። ለመትከል ይቀላል፤ ቢበላሽ ኩባንያው ይለውጠዋል። ነገር ግን ቤት ሲለወጥ ወይም ውል ሲፈርስ ሣጥኑ ይመለሳል፥ የተቀዳውም ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ዲስኩ ቢወጣ እንኳ የተቈለፈ ስለሆነ በሌላ መኪና አይነበብም። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ያሰኛል።

ሁለተኛው በካርድ የሚሠራ የራስ ሣጥን ነው። በዚህ ዘመን የሚገኘው ያገለገለ ነውና፥ ገዢው ዕቃውን ከመክፈሉ በፊት የሰፈሩ ኩባንያ ካርድ ይሰጥ እንደ ሆነ፥ ሣጥኑም የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቅ እንደ ሆነ ይመርምር። ከኩባንያው መዝገብ በፈለጉት ጊዜ እየመረጡ የሚያዩት ፊልም ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ሣጥን አይገኝም።

ሦስተኛው ሣጥን በቤት ሳይኖር፥ ቅጂው ኩባንያው በሩቅ ባቆመው ማከማቻ የሚቀመጥበት ነው። ዲስክ አይበላሽም፥ በስልክም ለማየት ይቻላል። ሆኖም ቅጂው ስንት ቀን እንደሚቈይ የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ ወርኃዊው ክፍያ የተቋረጠ ዕለት መዝገቡም ይዘጋል።

አራተኛው ከኬብሉ ሣጥን ቀጥሎ የዲቪዲ መቅጃ መሰካት ነው። ኤች ዲ ኤም አይ በተባለው ገመድ የሚወጣው ሥዕል ከመገልበጥ የተጠበቀ ስለሆነ መቅጃው አይቀበለውም፤ ስለዚህ ሣጥኑ ቢጫ፥ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸውን የቀድሞ ገመዶች የሚቀበል መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል። ሥዕሉ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ጣቢያውንም በሰዓቱ ሰው መለወጥ አለበት። ነገር ግን የተቀዳው ዲስክ በእጅ የሚያዝ፥ በመሳቢያ የሚቈለፍ ንብረት ነው።

ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ይቍጠር። አስቀድሞ፥ መኪናው በአንድ ጊዜ ስንት ጣቢያ ይቀዳል? አንድ ብቻ ከሆነ አባት ዜናውን፥ ልጅ ኳሱን ሲፈልጉ በቤት ጠብ ይነሣል፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰላም ይሆናል። ቀጥሎ፥ ስንት ሰዓት ይይዛል? በአሜሪካ በአየር የሚተላለፈው ጥራት ያለው ሥዕል ቢበዛ በአንድ ሰዓት ወደ 9 ጊጋባይት ይደርሳል፤ እንግዲህ 500 ጊጋባይት ያለው ዲስክ ይህን ከ50 ሰዓት ጥቂት አብልጦ፥ 1000 ጊጋባይት ያለውም ከ100 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ዋጋው በወር ሳይሆን በሦስት ዓመት ይታሰብ። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 15 ዶላር ቢሆን፥ በ36 ወር 540 ዶላር ይሆናል። ወሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዓመቱ ግን ይናገራል።

ስለ መገልበጥ ፈቃድም ማወቅ ይገባል። ከሥዕሉ ጋር የተሰወረ ምልክት አብሮ ይመጣል፤ አንዱ እንደ ልብ ይገልበጥ፥ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይገልበጥ፥ አንዱም ፈጽሞ አይገልበጥ የሚል ነው። በ2003 የወጣው ደንብ በነጻ የሚተላለፈው ሥርጭት እንዳይከለከል ያዝዝ ነበር፤ ይህን ደንብ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2013 ሻረው። ስለዚህ መቅጃው ሳይቀዳ ቢቀር ሁልጊዜ የመኪናው ብልሽት ነው አይባልም፤ ምልክቱ ከልክሎት ሊሆን ይችላል።

የቀድሞውን የቪዲዮ ካሴትም አንርሳ። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ሠርግና ክርስትና በቪ ኤች ኤስ ተቀድቶ ተቀምጧል። ዴኩን እስከ መጨረሻ ሲሠራ የቈየው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በጁላይ 2016 ሥራውን አቁሟል። ካሴቱ ከዓመት ዓመት እየደከመ፥ ዴክ የሚጠግነውም እያነሰ ይሄዳልና፥ ዲስክ ላይ ማስገልበጡን ለነገ አለማለት ብልህነት ነው።

በአገራችን ብዙው ሰው የሚመለከተው በሽቦ ሳይሆን በዲሽ ነው። ይሁን እንጂ ከሪሲቨሮቹ ብዙዎቹ በፍላሽ ይቀዳሉና ጥያቄው በዚህም ይሠራል። የቀዱትን ፍላሽ በሌላ ሪሲቨርና በኮምፒዩተር ላይ መሞከር ነው፤ በዚያ ካልታየ ሪሲቨሩ የተበላሸ ዕለት ቅጂውም ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ለማቆየት ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢከራይ አይነቀፍም፤ ውድ መኪና መግዛት አያስፈልገውም። ለማኖር የሚፈልግ ግን የቀዳውን በሳምንቱ ወደ ዲስክ ያሳልፍ፤ ካልተቻለም ፕሮግራሙን ያስተላለፈውን ጣቢያ ቅጂ በደብዳቤ ይጠይቅ። በዲስኩም ላይ ቀኑንና የታየውን ሰው ስም በቀለም ይጻፍበት፤ ስም የሌለው ቅጂ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን እንደ ሆነ የሚነግር አያገኝምና።