ሽበት ሳይወጣን የሸመገልን

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን እዚህ ገዳሪፍ ሻይ የምትሸጥ እህታችን ጋ ቁጭ ብለን ሁለት አባቶች ሲከራከሩ እንሰማ ነበር። ሁለቱም በደርግ ጊዜ ድንበር የተሻገሩ ናቸው፤ አንዱ የኢሕአፓ፣ ሌላው የመኢሶን ሰው። ዛሬም «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» እና «ሂሳዊ ድጋፍ» ላይ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ ሳቀና «እርጅና ነው፣ ሰው ሲሸመግል ሐሳቡም ይደርቃል» አለ።

እኔ አልስማማም። እነዚህ ሰዎች እኮ ክርክሩን ሲጀምሩ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣቶች ነበሩ! ሁለቱም ድርጅቶች ሶሻሊስት ነን ይሉ ነበር። ደርግን እንደግፍ ወይስ አንደግፍ በሚለው ተለያዩና በ1969 ተገዳደሉ፤ በኋላ ደርግ ሁለቱንም ጨረሳቸው። ያኔ «ተሳስተን ይሆን?» ያለ ልጅ አድርባይ ይባል ነበር። ሽበቱ የመጣው ከግትርነቱ በኋላ ነው።

እኛስ በምን ተሻልን? ብዙዎቻችን ሰዓታችን ጥቅምት 2013 ላይ ቆሟል። በሐምዳይት ገባን፣ በመንደር 8 ገባን፣ ኡም ራኩባና ቱነይድባ ሰፈርን። ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፣ የትናንት ወዳጅና ጠላት ቦታ ተቀያየረ፤ ኮሜንታችን ግን ያው ነው። ሐሳቡን የለወጠ ሰው «ባንዳ» ይባልና ብሎክ ይደረጋል። እኔም ብሎክ አድርጌያለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ተማሪዬ የተሳሳተ መልሱን ሰርዞ ትክክለኛውን ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ ነው የምሰጠው።

ቤቱንና ዲግሪውን ጥሎ ለመጣ ሰው የቀረችው አቋሙ ብቻ እንደሆነች ይገባኛል። ግን ዋጋዋን ሌላ ሰው ሲከፍል አይቻለሁ።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ እዚሁ ገጽ ላይ «ወድ መደኒ አይደርስም» ብዬ ጻፍኩ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሦስት ጊዜ ደውላ «ልውጣ ወይ?» አለችኝ፤ ሦስቴም «ቆይ፣ ምንም አይመጣም» አልኳት። በሦስተኛው እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ነገር ግን ሰው ፊት ተናግሬአለሁ፣ ላይክ ተደርጎልኛል፣ እንዴት ልመለስ? ታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ ተያዘች። ልጅቷ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ሻንጣ እንኳ ሳትይዝ ገዳሪፍ ገባች። አልወቀሰችኝም። እኔም «ማን ያውቅ ነበር?» ብዬ አለፍኩት። እሷ ታውቅ ነበር።

ዛሬም ዘመዶቻችን እየደወሉ «እንመለስ ወይስ እንቆይ?» ይሉናል። እባካችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት የዛሬውን ወሬ ጠይቁ፤ የድሮ ፖስታችሁን አታንብቡላቸው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ገጽ ታነባለች። እህቴ፣ ያኔ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር።