የማንዣበብ ሙከራ ምን ያረጋግጣል? የሚሳይል አክሻፊ መንኮራኩሮች ምርመራ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ፣ በኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ የማንዣበብ መሞከሪያ ጣቢያ፣ ኤምኬቪ-ኤል የተባለ የሚሳይል አክሻፊ መንኮራኩር በራሱ ሮኬቶች ተነሥቶ በአየር ላይ ቆመ። የሙከራው ተንቀሳቃሽ ምስል በስፋት ታይቷል። ፕሮግራሙ ግን በተከታዩ ዓመት እንዲቋረጥ ተወሰነ። ምስሉ ከፕሮግራሙ የረዘመ ዕድሜ ማግኘቱ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ እንዲህ ያለ ሙከራ ተሳካ ሲባል በእርግጥ የተረጋገጠው ምንድን ነው?

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር መመልከት ያሻል። ከከባቢ አየር ውጭ የሚሠሩ የዚህ ዓይነት መንኮራኩሮች ፈንጂ አይሸከሙም፤ ዒላማቸውን የሚያጠፉት በቀጥታ በመግጨት ነው። በዚያ ከፍታ ክንፍን የሚደግፍ አየር ስለሌለ የሚመሩት በሮኬት ብቻ ነው። በተለመደው አሠራር አራት ጠንካራ ሮኬቶች በመንኮራኩሩ ወገብ ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ ይቀመጣሉ። የግፊታቸው መሥመር በክብደት ማዕከሉ በኩል ስለሚያልፍ መንኮራኩሩን ሳያዞሩት ወደ ጎን ይገፉታል። ሌሎች ትንንሽ ሮኬቶች ደግሞ ፊቱን ከዒላማው እንዳያነሣ ያስተካክሉታል። ሄሊኮፕተር ወደ ጎን ለመሄድ ማዘንበል ግድ ይለዋል፤ አክሻፊው መንኮራኩር ግን ካሜራው በዒላማው ላይ እንደተተከለ ቦታውን ይለውጣል።

በመሬት ላይ ሲያንዣብብ ከአራቱ ሮኬቶች ወደ ታች የሚተኩሰው የመንኮራኩሩን ክብደት ይሸከማል። የሮኬቱ ኃይል ቀስ በቀስ የሚጨመርና የሚቀነስ ካልሆነ፣ ቫልቩ በፍጥነት እየተከፈተና እየተዘጋ አማካይ ኃይሉን ይወስናል። ኃይሉ የክብደቱ እጥፍ ቢሆን መተኮስ ያለበት ግማሹን ጊዜ ብቻ ነው። ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል፤ ማዕከሉም ሊዛወር ይችላል። 1000 ኒውተን የሚገፋ ሮኬት መሥመሩ ከማዕከሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ቢስት 10 ኒውተን-ሜትር የሚያህል የማዞር ጉልበት ይፈጠራል፤ ይህንንም ትንንሾቹ ሮኬቶች ወዲያው ማካካስ አለባቸው። ስለዚህ ካሜራው፣ ኮምፒዩተሩ፣ ቫልቩና ሮኬቱ እንደ አንድ አካል ተናበው መሥራታቸው የሚፈተነው በዚህ ሙከራ ነው። መሣሪያው ከሙከራው በኋላ ተርፎ ሊመረመር መቻሉም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ በህዋ ላይ ሙከራ የከሸፈ መንኮራኩር ተመልሶ በጠረጴዛ ላይ አይፈታም።

ይሁን እንጂ ማንዣበብ የህዋ በረራ ትንሽ ቅጂ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በመጀመሪያ፣ በህዋ ላይ መንኮራኩሩ አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ይጓዛል፤ የሚተኩሰውም መንገዱን ለማረም ሲያስፈልግ ነው። በመሬት ላይ ግን አንዱ ሮኬት ያለ ዕረፍት ሲደክም ሌሎቹ ጥቂት ብቻ ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ የነዳጁ ወጪ ከባድ ነው። ግፊቱ በነዳጅ አጠቃቀም ብቃት 250 ሰከንድ የሚመዘን ሮኬት፣ ለ20 ሰከንድ በአየር ላይ ለመቆም ብቻ ከመነሻ ክብደቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ያቃጥላል። ሦስተኛ፣ የአየር ግፊት የሮኬቱን ኃይል ስለሚቀንሰው በመሬት ላይ የተለካው ኃይል በህዋ ላይ ከሚገኘው ጋር እኩል አይደለም። አራተኛውና ብዙም የማይታሰበው የመለኪያ መሣሪያው ሁኔታ ነው። በማንዣበብ ላይ ያለ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ክብደትን የሚሸከመውን ግፊት ዘወትር ይለካል። በህዋ ላይ ግን ሮኬቶቹ ሲያርፉ ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ሲተኩሱ ደግሞ ድንገተኛ ምት ይደርስበታል።

ይህ ልዩነት የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 የተደረገው የአሜሪካ የረጅም ርቀት ሚሳይል መከላከያ ሙከራ አሳይቷል። አክሻፊው መንኮራኩር ዒላማውን ሳተ። ምርመራው ችግሩን በመንኮራኩሩ የመሪ ሥርዓት ላይ ያገኘው ሲሆን፣ ምክንያቱም በህዋ በረራ ላይ ከሚፈጠር ንዝረት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። የመለኪያ ክፍሉን ከንዝረት የሚጠብቅ ማሻሻያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ያለ ዒላማ በረራ ተሞከረ፤ ዒላማን የመምታቱ ስኬት የተገኘው በጁን 2014 ነው። ሁለት አካላት በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ቢቀራረቡ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 10 ሜትር ይጠጋጋሉ። በዚህ ፍጥነት ላይ ዐይን የማያየው መንቀጥቀጥ መምታትንና መሳትን ይለያል።

ሙከራው የመሬትና የህዋ ልዩነት ስላለበት ይቅር የሚል ድምዳሜ ግን ስሕተት ይሆናል። በመሬት ላይ መቆም ያቃተው መንኮራኩር በህዋ ላይ ይሳካለታል ብሎ የሚያምን የለም፤ የበረራ ሙከራም ውድና ጥቂት ነው። መለወጥ ያለበት የስኬት መለኪያው ነው። በአየር ላይ መቆሙ የመግቢያ ፈተና እንጂ ውጤት ተደርጎ መቅረብ የለበትም። የውጤት ዘገባ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ሊይዝ ይገባል፦ ከሙከራው በፊት የተተነበየው የነዳጅ ፍጆታና በኋላ የተለካው፤ ሮኬቶቹ ሲተኩሱ ካሜራው ከዒላማው የዋለለበት መጠን፤ እንዲሁም የመለኪያ ክፍሉ በተቀመጠበት ቦታ የተመዘገበው ንዝረት። ትንበያው ከሙከራው በፊት በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ከሙከራው በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ትክክል መምሰሉ አይቀርም። ሙከራው ያልፈተናቸው ሁኔታዎችም ከውጤቱ ጎን በግልጽ ሊዘረዘሩ ይገባል።

ነገሩ በሮኬት ተመራማሪዎች ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በቤተ ሙከራ የሠራ ማንኛውም ሞዴል ከቤተ ሙከራው ውጭ የሚጠብቀው ዓለም በምን እንደሚለይ ያልተጻፈለት እንደሆነ፣ የታየው ሥራ እንደ ማረጋገጫ ይቆጠራል። ዐይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ በአየር ላይ የቆመውን መንኮራኩር ማንም ሊያየው ይችላል። ፍርዱ ግን በትንበያውና በልኬቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ሊመሠረት ይገባል።