ወጪት ሰባሪ ከዋክብት

በምዕራቡ ዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ደራስያን፣ ተዋንያንና ፈላስፎች መካከል «ሊበርታሪያን» የሚል ስም ያነገቡ ወይም ለዚሁ አስተሳሰብ ስንቅ ያቀበሉ ጥቂቶች አይደሉም። ትምህርታቸው ሲጨመቅ፣ ግለሰብ ለማኅበረሰቡ ዕዳ የለበትም፤ መንግሥትም ከፖሊስ፣ ከጦር ሠራዊትና ከፍርድ ቤት አልፎ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ቴአትር ቤት ላቋቁም ቢል ቀማኛ ነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ በደረቁ ሲቀርብ ተከታዩ ብዙ ላይሆን ይችላል። የልብ ወለድ ጀግና ሥጋ ሲያለብሰውና የተዋናይ መልክ ሲያሳምረው ግን የወጣቱን ልብ ይማርካል። ስለዚህ ሰባኪዎቹ ራሳቸው በማን ጉልበት ለዝና እንደበቁ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚነሣው የአይን ራንድ ስም ነው። (ራሷ ሊበርታሪያን መባልን አጥብቃ ትጸየፍ ነበር፤ ልጆቿን የካደች እናት ናት።) እ.ኤ.አ. በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች። የአባቷ መድኃኒት ቤት በአብዮቱ ተወረሰ፤ ቤተሰቧም ለችጋር ተዳረገ። በከበርቴ ልጅነቷ ከዩኒቨርሲቲ እስከ መባረር ደርሳ በኋላ ተመልሳለች። ቁስሏ እውነተኛ መሆኑን መካድ ከሐቀኛ ተከራካሪ አይጠበቅም። ይሁን እንጂ ለሴቶችና ለአይሁዶች የዩኒቨርሲቲውን በር ወለል አድርጎ የከፈተው ያው አብዮት ነው። በ1924 የተመረቀችው፣ ቀጥላም የፊልም ጥበብን ሀ ሁ የቆጠረችው በመንግሥት ተቋም ውስጥ ነው። በ1926 አሜሪካ ስትገባ ስንቋ ይኸው ዕውቀት ነበር። በ1957 ባሳተመችው «አትላስ ሽረግድ» በተሰኘው ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ ግን ዓለምን አቁመው የያዙት ጥቂት ባለኢንዱስትሪዎችና ፈልሳፊዎች ናቸው፤ እነሱ ሥራ ሲያቆሙ ሁሉም ይፈርሳል። ሐዲዱን ያነጠፈውና ብረቱን ያቀለጠው እጅ በትረካው ዳር ቆሞ ይቀራል።

በኦክቶበር 1947 የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ የሆሊውድን ጠበብት በፖለቲካ እምነታቸው ሲያስጨንቅ፣ የመንግሥት እጅ ከግለሰብ ሕሊና ላይ ይነሣ የምትለው ደራሲ ለኮሚቴው ወዳጅ ምስክር ሆና ቀረበች። የመሰከረችው ስለ አንድ ፊልም ይዘት ነው ይባልላት ይሆናል፤ እውነትም ነው። ሆኖም በዚያው ምርመራ መልስ አንሰጥም ያሉ 10 ጸሐፊዎችና የፊልም ባለሙያዎች ወኅኒ ወርደዋል። የነፃነት ነቢይ የሚፈለግበት ሰዓት ያ ነበር።

በ1974 የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላም የመንግሥትን የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና ዋስትና ተቀብላለች። መከራከሪያውን አስቀድማ በ1966 አዘጋጅታው ነበር፦ የመንግሥትን እርዳታ የሚቃወም ሰው ቢቀበል የተወሰደበትን ማስመለሱ ነው፤ የሚደግፍ ሰው ግን የመቀበል መብት የለውም። በዚህ ስሌት ሕክምና የሚገባው ለጎረቤቱ ሕክምናን ለሚነፍግ ብቻ ነው ማለት ነው!

ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክም በ1974 በታተመው ዝነኛ መጽሐፉ በደመወዝ ላይ የሚጣልን ግብር ከግዳጅ ሥራ ጋር አስተካክሎ ነበር። በ1980ዎቹ ግን የካምብሪጅ ከተማን የቤት ኪራይ ቁጥጥር ሕግ ታጥቆ ከአከራዩ ጋር ተሟገተና ከ30,000 ዶላር በላይ አገኘ።

ራሱን ሊበርታሪያን ብሎ የጠራውን ተዋናይና አዘጋጅ ክሊንት ኢስትውድን ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 መንግሥት ለኪነ ጥበብ በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ለሚመክረው ብሔራዊ ምክር ቤት አባልነት ሾመውታል። በ1986ም የካርሜል ከተማ ከንቲባ ሆኗል። ሹመቱ ነውር አይደለም። በሸራው ላይ የሚታየው ጀግናው ግን ደንብንና አለቃን ንቆ ብቻውን ሽጉጥ የሚመዝ ነው፤ ተመልካቹም የሚወርሰው ሽጉጡን እንጂ ምክር ቤቱን አይደለም።

ይህ ሁሉ የግል ግብዝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐሜት ይተው ነበር። ነገር ግን በአርጀንቲና በቴሌቪዥን ክርክር ዝናን ያተረፈው ሊበርታሪያኑ ሀቪየር ሚሌይ፣ በምርጫ ዘመቻው የእንጨት መሰንጠቂያ ሞተር መጋዝ እያነሣ ሲፎክር ቆይቶ በዲሴምበር 2023 ሥልጣን ያዘ። የባህል ሚኒስቴር ወዲያው ታጠፈ። በ2024 የአገሪቱ የፊልም ተቋም ሠራተኞች ተቀነሱ፤ ለአዳዲስ ፊልሞች የሚሰጠውም ድጋፍ ታገደ። ከዚህ ተቋም የገንዘብ ምንጮች አንዱ ተመልካቹ በየሲኒማው በር ከሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ላይ ይቆረጥ የነበረው 10 በመቶ ነበር።