ልጃችሁ ፊዚካል ቴራፒ ሊማር ነው? ከቃለ መጠይቁ በፊት ቤት ውስጥ የሚስተካከል ነገር አለ

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው። ታካሚዎችም እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገ ጉልበታችሁን ወይም ወገባችሁን የሚያክማችሁ ባለሙያ እንዴት እንደሚመረጥ ስለሚናገር እናንተንም ይመለከታል።

ልጃችሁ «ፊዚካል ቴራፒ ልማር ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ ከአፋችሁ የወጣው ምን ነበር? በብዙ ቤት መልሱ «ለምን ሐኪም አትሆንም?» የሚል ነው። «ለወጌሻነት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የምትማሪው?» የሚሉም አሉ። እኛ በቀልድ ብንናገረውም ልጁ ግን ቃለ መጠይቁ ክፍል ድረስ ይዞት ይገባል። እዚያ ደግሞ በብዛት ከሚጠየቁት አንዱ ይኸው ነው፦ «ሐኪም ወይም ነርስ ከመሆን ይልቅ ለምን ይህን መረጥክ?» ሙያው እንደ ሁለተኛ ምርጫ ሲወራ እየሰማ ያደገ ልጅ የራሱ መልስ ከሌለው የሸመደደው ይከዳዋል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ከኢንተርኔት ላይ የጥያቄና መልስ ዝርዝር መሸምደድ ዝግጅት አይባልም። ዝግጅት ማለት ልጁ ያየውን ታካሚና ያየውን ሥራ በራሱ ቃል መናገር መቻሉ ነው። ወላጅ ይህን ሊያግዝም ሊያበላሽም ይችላል።

መጀመሪያ እኛ ሙያውን እንወቀው

አገር ቤት ፊዚዮቴራፒ የምንለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት የሚፈጅ የዶክትሬት ትምህርት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላም ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና አለ። ሙያው እዚያ አገር የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ ለመመለስ ሲባል ነው። የመጀመሪያው የባለሙያዎቹ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1921 ተመሠረተ። ዛሬ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የደከመ ሰው እንደገና እንዲራመድ፣ ጉልበቷ የተቀየረላት እናት ደረጃ እንድትወጣ፣ እድገቱ የዘገየ ሕፃን እንዲቀመጥ የሚያግዙት እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው። እኛ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ብለን ታካሚውን ስናሰናብት ረጅሙ ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

ቃለ መጠይቁ ምን ይፈትናል?

ሁሉም ትምህርት ቤቶች ቃለ መጠይቅ አያደርጉም። የሚያደርጉትም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዱ ለብቻ፣ አንዳንዱ በቡድን ይጠይቃል። ካናዳ በሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ዘዴ ደግሞ ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ በየጣቢያው ለጥቂት ደቂቃዎች አንድ ጉዳይ ይቀርብለታል። መጠየቂያው ይለያይ እንጂ የሚፈለገው ተመሳሳይ ነው፦ ይህ ሰው ታካሚን ያዳምጣል? ሲሳሳት ይታረማል? ከሌሎች ጋር ይሠራል?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚ፣ ዛሬ አሞኛል፣ አልነሣም ቢሉህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንበል። «አበረታትቼ አስነሣቸዋለሁ» የሚለው መልስ ደስ ይላል፤ ግን ይጎድለዋል። አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፦ ሕመሙ የት ነው? አዲስ ነው? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባቱ አዲስ ሕመምና እብጠት ካመጣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ ድንገተኛ ነው። ገና ያልገባ ተማሪ ይህን በሽታ እንዲያውቅ ላይጠበቅበት ይችላል። «መጀመሪያ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ» ማለትን ግን ይጠበቅበታል።

ልጆቻችን የሚደብቁት ሀብት

በስደት ያደጉ ብዙ ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ ለአያትና ለወላጅ ሲያስተረጉሙ ኖረዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የእንቅስቃሴ መመሪያ ወረቀት ሳይነበብ ቴሌቪዥኑ ሥር ሲቀመጥ አይተዋል። አያታቸው «እሺ ልጄ» ብለው ቴራፒስቱን ሸኝተው ምንም ሳይሠሩ እንደቀሩ ያውቃሉ። ለምን እንዳልሠሩም ያውቃሉ፦ ስላልገባቸው፣ ስላመማቸው፣ ወይም «ተኝተሽ እረፊ» የሚል ጠያቂ ስለበዛ። አንድ ታካሚ የታዘዘለትን ለምን እንደማይሠራ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። ልጆቻችን ግን ይህን እንደ ልምድ አይቆጥሩትም፤ አንዳንዶቹም ያፍሩበታል። እኛ ነን «ይህን ተናገር፤ ያኮራል» ልንላቸው የሚገባ።

ሌላው ይሉኝታ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን አሳድገናቸው፣ ስለ ራሳቸው ተናገሩ ሲባሉ ጉራ ይመስላቸዋል። ያደረጉትን በልክ መናገር ጉራ እንዳልሆነ እንንገራቸው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ «ይህን ሥራ ለምን ወደድከው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሳታቋርጡ አዳምጡ። በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ከእናንተ ጋር ቢሆን መልካም ነው።

2. ብዙ ትምህርት ቤቶች ቴራፒስት ሲሠራ የታየበትን ሰዓት ይጠይቃሉ። ልጁ ከሰዓቱ ቁጥር ይልቅ ያየውን ማስታወሻ ይያዝ፤ የታካሚ ስምም ሆነ መለያ ግን አይጻፍ፣ በቃለ መጠይቁም አይነሣ። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ከዚህ ይጀምራል።

3. ልጁም ይጠይቅ። እውቅና ያለው ትምህርት ቤት የተመራቂዎቹን የፈቃድ ፈተና ውጤትና የትምህርቱን ወጪ ለሕዝብ ያሳውቃል። ትምህርት ቤቱ አዲስ ከሆነ እውቅናው የት ደርሷል? ብድሩ ለዓመታት የሚከፈል ነውና ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

4. ቃለ መጠይቁ በዙም ከሆነ ጸጥ ያለ ክፍል ስጡት። ከካሜራው ጀርባ ቆማችሁ አታንሾካሹኩ።

5. ባይሳካለት «ብዬህ ነበር» አትበሉ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክተው የሚገቡ አሉ።

ለታካሚዎች

ሕክምና ላይ ሳላችሁ «አንድ ተማሪ ቢመለከት ይፈቅዳሉ?» ስትባሉ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። ከቻላችሁ ግን ፍቀዱ። ዳር ቆሞ የሚያየው ያ ልጅ ሙያውን የሚማረው ከእናንተ ሕመምና ትዕግሥት ነው። ነገ በቃለ መጠይቁ የሚናገረው እውነተኛ ነገር ከእናንተ ያየው ይሆናል።

ልጁ ያላችሁ ወላጆች፣ «ዶክተር አልሆነም» ብላችሁ አትዘኑ። ሰው ከአልጋ ተነሥቶ በእግሩ ደጁን እንዲወጣ ማድረግም ማዳን ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ወላጅ ካወቃችሁ አጋሩት። መልካም ጤና!